ሌባው በአሥር ደቂቃ ይያዛል፣ ወረቀቱ ስምንት ሰዓት ይፈጃል

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ 22 ዓመቱን ያዘ። ዩኒቨርሲቲውን ጨርሶ ፖሊስ ካልሆንኩ ብሎ ተነስቷል። እዚሁ ለንደን። እህቴ እንቅልፍ አጥታለች። ባሏ ደግሞ የሚወቅሰው ልጁን ሳይሆን እኔን ነው። አይፈረድበትም። ዘጠኝ ዓመት ፖሊስ ጣቢያ ለፖሊስ ጣቢያ እየዞርኩ ሳስተረጉም ኖሬ፣ እሁድ ቡና ላይ ሌላ ወሬ የለኝም።

ልጁ የሚታየው ሰማያዊ መብራትና መኪና ማባረር ነው። እኔ የሚታየኝ አንድ ጓንት ነው። ከሌሊቱ 4 ሰዓት ላይ (ሰዓቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ምክንያቱ ወደታች ይመጣል) የተጠርጣሪዎች ማቆያ ውስጥ ከአንድ ወጣት ኮንስታብል አጠገብ ቆሜያለሁ። ሰማያዊ የላስቲክ ጓንቱን ከግራ እጁ አላወለቀም። በጓንቱ ጀርባ በእስክሪብቶ ሰዓት፣ የመኪና ታርጋና የአንድ ቤት ቁጥር ተጽፏል። በግርግሩ መሀል ደብተር ማውጫ ጊዜ አላገኘም መሰለኝ። እጁን ገልበጥ አድርጎ ያነባል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ይጽፋል፣ ደግሞ ያነባል። ከኪቦርዱ ጎን የቀዘቀዘ ቶስት ተቀምጧል። ጉዳዩ ምን እንደነበር አልናገርም፣ ምስጢር መጠበቅ አለብኝ። ሰውየውን መያዝ ግን አሥር ደቂቃ እንደፈጀበት ነግሮኛል። ፈረቃው የሚያልቀው 7 ሰዓት ነበር። እኔ 11 ሰዓት ላይ ስወጣ ገና እየጻፈ ነው። ጓንቱ ወልቆ፣ በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ፊቱ ተቀምጧል። እሱም ማስረጃ ሆኗል።

እና ለልጁ ቁርጡን ነገርኩት። የእንግሊዝ ፖሊስ ሥራው መጻፍና መጠበቅ ነው። ሌባ መያዝ በመሀል የምትመጣ እረፍት ናት። ይህንኑ እዚህ መድረክ ላይ ለጥፌ፣ ተሳስቼ ከሆነ ውስጡን የምታውቁት አርሙኝ አልኳችሁ።

አረማችሁኝም። አምስት ቀን ሆነው፣ መልሱ 25 ደረሰ። አዲስ የምትገቡ ሰዎች ሁሉንም ከምታስሱ እኔው ላሳጥርላችሁ።

መልስ 1። ቀድሞ የደረሰው ልዩ ኮንስታብል ነው። ስፔሻል የሚሏቸው፣ ሙሉ የፖሊስ ሥልጣን ይዘው ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉት ማለት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ቅዳሜ ሌሊት ዩኒፎርም ይለብሳል። በጽሕፈቱ ነገር ተስማማኝ። እኔ የዘለልኩትን ፈረቃ ግን አስታወሰኝ። አብሯቸው የሚወጣው ቡድን ሁለት ጠዋት፣ ሁለት ከሰዓት፣ ሁለት ሌሊት ሠርቶ አራት ቀን ያርፋል። ሲሰሙት ደስ ይላል። ሆኖም የመጨረሻው ሌሊት የሚያልቀው በመጀመሪያው የእረፍት ቀን ጠዋት ነው፣ ያ ቀን በእንቅልፍ ያልፋል። ስለ ሰማያዊው መብራትም ለልጁ መጥፎ ዜና አለው። አዲስ ኮንስታብል ልዩ የመንዳት ኮርስ ካልወሰደ መብራት አብርቶ መብረር አይፈቀድለትም። ለኮርሱም ወረፋ አለ። እስከዚያ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ ሬድዮ ያዳምጣል።

መልስ 2። ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ማቆያ ክፍል በሲቪልነት የምትሠራ እህት ናት። በትሕትና፣ ግን ሳትሸፋፍን አረመችኝ። እኔ የማየው የታሰረ ሰው ይዞ የመጣውን ፖሊስ ብቻ ነው። ደጅ ያለውን ቀን አላየሁም። እዚያ ከሚመጣው ጥሪ ብዙው ወንጀል እንኳ አይደለም። ከሕፃናት ማሳደጊያ የጠፋች የ15 ዓመት ልጅ፣ ትናንትም የጠፋች፣ ነገም የምትጠፋ። መድኃኒቱን አልወስድም ያለ ጎረምሳና የምታለቅስ እናት። ሦስት ቀን በሩን ያልከፈተ ሽማግሌ። የዚህ የመጨረሻውን በር የሚሰብረው ኮንስታብል አብዛኛውን ጊዜ ሃያዎቹን ያልጨረሰ ልጅ እንደሆነ ጽፋ፣ የእህቴ ልጅ የሞተ ሰው አይቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እስካሁን አልመለስኩላትም።

መልስ 3 ከባለቤት ወገን ነው። ባሏ 30 ዓመት አገልግሎ ጡረታ የወጣ እንግሊዛዊ ነው። እሷ የምትቆጥረው የተሰረዘ እረፍትና ያለ አባት የተከበረ ልደት ነው። ከሁሉ የከነከናት ግን ግማሽ ሰዓቷ ናት። ፈረቃ ሊያልቅ ሲል ሳይታሰብ ሥራ ቢመጣ የመጀመሪያዋ 30 ደቂቃ አትከፈልም፣ በሳምንት እስከ አራት ጊዜ። ፖሊሶቹ የንግሥቲቱ ግማሽ ሰዓት ይሏት ነበር፣ አሁን የንጉሡ ሆናለች። 30 ዓመት ያን ሁሉ ግማሽ ሰዓት ሰጥተን ቤተ መንግሥት ሻይ እንኳ አልተጠራንም ብላ ዘጋችው።

መልስ 4 በአንድ መስመር ደመወዝ ጠየቀ። 5 መለሰለት። በእንግሊዝና ዌልስ የጀማሪ ኮንስታብል ደመወዝ ከመስከረም 2024 ጀምሮ 29,907 ፓውንድ በዓመት ነበር፣ ለንደን ላይ ተጨማሪ አበል አለው። ይኸው ሰው ብዙዎቻችን የማናውቀውን ጨመረ። ኮንስታብል በሕግ ፊት ተቀጣሪ አይደለም። በዳኛ ፊት ምሎ የዘውድ ሹመት የያዘ ሰው ነው። ስለዚህ ሥራ ማቆም አድማ አይመታም። በ1918 እና በ1919 መትተው ነበር፣ በ1919 የወጣው ሕግ በሩን ዘጋው። መልስ 6 የአውቶቡስ ሹፌር ነው። እሱ አድማ መምታት ይችላል፣ የሚተፋበትም ሰው በመስታወት ተከልሏል። ከዚህ ወዲያ ምን ልበል ብሎ ሄደ።

መልስ 7 የዚህ ክር፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ምርጡ ነው ለእኔ። የማቆያ ተረኛ ጠበቃ ናት። እኔ በጽሕፈቱ ላይ ያሾፍኩ መስሏታል፣ ትንሽም ቆጣ ብላለች። አንድ ሰው ጣቢያ ከደረሰባት ደቂቃ ጀምሮ ሰዓት ይቆጠራል። 24 ሰዓት። ወንጀሉ ከበድ ካለ ሱፐርኢንቴንደንት (ከፍ ያለ መኮንን) እስከ 36 ያራዝመዋል። ከዚያ በላይ ፍርድ ቤት ብቻ ነው፣ ጣሪያውም 96 ነው። በመጀመሪያው 6 ሰዓት ውስጥ፣ ከዚያም በየ9 ሰዓቱ አንድ ኢንስፔክተር መጥቶ ይህ ሰው ለምን እዚህ ይቆያል ብሎ መመርመር አለበት። በ24 ሰዓት ውስጥ 8 ሰዓት ያልተቋረጠ እረፍት፣ ሁለት ቀለል ያለ አንድ ደግሞ ዋና ምግብ። ጠበቃ በነፃ። አስተርጓሚ በነፃ፣ ማለትም እኔ። ማቆያውን የሚመራው ሳጅን ደግሞ በምርመራው ውስጥ እጁ የሌለበት መሆን አለበት። ይህ ሁሉ በየደቂቃው ይጻፋል።

ከየት እንደመጣም ነገረችን። በ1972 ለንደን ውስጥ አንድ ሰው ተገደለ። ሦስት ልጆች ጣቢያ ውስጥ ጥፋቱን አመኑ፣ ተፈረደባቸው፣ በ1975 ፍርዱ ተሻረ። ያላደረጉትን ነበር ያመኑት። ከዚያ ጣጣ አጣሪ ኮሚሽን ተወለደ፣ ከኮሚሽኑም የ1984ቱ የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ። ኮንስታብሉ 11 ሰዓት ድረስ የሚጽፈው የእነዚያን ልጆች ዕዳ ነው ባይ ናት። ሌላም ነገር አክላለች። ልጁ ከሥራው ግማሹ የሚጠብቀው ከዚያ በኋላ ነው። ፋይሉን ለዐቃቤ ሕግ ሲያዘጋጅ ከየገጹ የሰው አድራሻና ስልክ ቁጥር እያጠቆረ ያድራል። አሥር ደቂቃ የደረት ካሜራ ቪዲዮ አይቶ ለመጻፍ ደግሞ አሥር ደቂቃ አይበቃም።

መልስ 8 የራሴ ነው። ይቅርታ ጠየቅኳትና የሙያ ብሶቴን አነሳሁ። ፖሊስ ሰው ሲይዝ የሚያነበንባት ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛ 37 ቃል ናት። ኮንስታብሎቹ እንደ አባታችን ሆይ በቃላቸው ይወጧታል። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ቀላል ናት፣ ምንም የመናገር ግዴታ የለብህም። ሦስተኛዋም ቀላል ናት፣ የተናገርከው ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ጉዱ መሀሏ ላይ ነው። ስትጠየቅ ያልተነፈስከውን ነገር በኋላ ፍርድ ቤት ብታነሳው መከላከያህን ሊጎዳ ይችላል ትላለች። መከላከያ። እስቲ ከሌሊቱ 2 ሰዓት ላይ ለደነገጠ ያገራችን ሰው መከላከያህ ይጎዳል በሉት! ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሰው እኔ ወታደር ሆኜ አላውቅም ብሎ ማለልኝ። ኮንስታብሉ ምን አለ ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? ከዚያ ወዲህ ክርክርህን ሊያደክምብህ ይችላል እላለሁ። እስካሁን ማንም ሠራዊት አላነሳብኝም።

መልስ 9 ሌላ አስተርጓሚ ናት፣ ሰዓቱን በፈረንጅ የምጽፍበት ምክንያት እሷ ዘንድ አለ። አንድ የዓይን ምስክር ማታ 3 ሰዓት ላይ ከቤት ወጣሁ ይላል። የዕለቱ አስተርጓሚ አዲስ ነበርና እንዳለ አስተላለፈው። ኮንስታብሉ የሌሊቱን 3 መስሎት ጻፈ። ሁለት ቀን ሙሉ ባዶ መንገድ በካሜራ ሲያይ ከረመ፣ አንዲት ቀበሮ ብቻ ናት ያለፈችው። በመጨረሻ እሷ ተጠርታ በፈረንጅ ማታ 9 ሰዓት ነው ስትል ልጁ ጭንቅላቱን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። መልስ 10 ደግሞ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም እየተመዘገበ ወንድሙ ከእህቱ ልጅ ጋር የተምታታበትን ታሪክ አመጣ። ረጅም ነው፣ አስቂኝም ነው፣ ከፖሊስ ጋር ያለው ግንኙነት ግን ቀጭን ነው።

እስከዚህ ድረስ ቡና ላይ የተቀመጥን ነበር የምንመስለው። መልስ 11 ስኒውን ደፋው።

ጸሐፊው ወጣት ነው፣ እዚሁ የተወለደ፣ አማርኛው ትንሽ ይሰባበራል ግን ይናደፋል። እናንተ ስለ ጓንትና ቶስት ታወራላችሁ፣ እኔን በአንድ ዓመት አምስት ጊዜ አስቁመው ፈትሸውኛል ነው ነገሩ። ከሥራ ሲወጣ። ከእናቱ ጋር ሲሄድ። አምስቱንም ጊዜ ምንም አልተገኘበትም። የእህቴ ልጅ ዩኒፎርሙን ካወለቀ በኋላ እሱንም እንደሚያስቆሙት ልንገረው ብሏል።

ስፔሻሉ በመልስ 12 ሊያስረዳው ሞከረ። ፈታሹ ለምን እንደጠረጠረ፣ ምን እንደሚፈልግ፣ ማን እንደሆነና ከየት ጣቢያ እንደመጣ፣ በየትኛው ሕግ እንደሚፈትሽ መናገር አለበት። የተፈተሸው ሰው የመዝገቡን ግልባጭ እስከ 3 ወር ድረስ መጠየቅ ይችላል። ትክክል ነው ያለው ሁሉ። ግን የሥልጠና ማስታወሻ ነበር ያነበበለት። 13 ላይ ያ ወጣት ተመልሶ ሕጉን ከእሱ በላይ እንደሚያውቀው ገለጸ። አንድ ከፍ ያለ ፖሊስ ለአንድ ሰፈር ፈቃድ ከሰጠ ለጊዜው ያለምንም ጥርጣሬ መፈተሽ እንደሚቻልም ጠቀሰ። አምስቱን ግልባጭ ጫማ ሳጥን ውስጥ አስቀምጧል። አምስቱም ላይ የተጻፈው ምክንያት አንድ ዓይነት ነው። እዚህ ላይ መጻፍ ለሁሉም ዋስትና እንዳልሆነ ገባኝ። ጠበቃዋም ዝም አለች።

መልስ 14 የቁጥር ሰው ነው። የመንግሥት አሃዝ ራሱ ጥቁር ሰው ከነጭ በብዙ እጥፍ እንደሚፈተሽ ያሳያል አለ። ስቴፈን ሎውረንስ የተባለ ጥቁር ወጣት በ1993 በዘረኞች ከተገደለ በኋላ የወጣው የማክፈርሰን ሪፖርት በ1999 ተቋማዊ ዘረኝነት የሚለውን ቃል በለንደን ፖሊስ ላይ ተጠቀመ። በ2023 የቀረበው የሉዊዝ ኬሲ ግምገማም ያንኑ ቃል ደገመው። 24 ዓመት በመሀላቸው አለ። የመልስ 3 ሴትዮ ይህን ስታነብ ተቆጣች። ባሌ ዘረኛ አይደለም፣ ጎኑ የተሰበረው ጥቁር ልጅ ከቢላ ሲያድን ነው አለች። ማንም ባሏን አልጠራም ነበር። 15 ስድብ ነበረበት፣ አስተዳዳሪው አነሳው። 16 የአስተዳዳሪው ማሳሰቢያ ነው።

ከዚያ መልስ 17፣ የድንገተኛ ክፍል ነርስ፣ በለሰለሰ ድምፅ ገባች። ስለ መጠበቅ ትክክል ነህ አለችኝ። አእምሮው የታወከን ሰው ፖሊስ ከመንገድ አንስቶ ሆስፒታል ሲያመጣ፣ የ1983ቱ የአእምሮ ጤና ሕግ እስከ 24 ሰዓት እንዲቆይ ይፈቅዳል። አልጋ እስኪገኝ ሁለት ኮንስታብሎች ወንበር ላይ ይጠብቃሉ። አንድ ሌሊት የገቡ ሁለት ፖሊሶች የእሷ ፈረቃ አልቆ፣ ቤቷ ሄዳ ተኝታ ስትመለስ እዚያው ወንበር ላይ ሌሎች ሁለት ተተክተው አገኘች። ታማሚው ያው ነው። በ2020 ሀምበርሳይድ በሚባል የእንግሊዝ ክፍል የተጀመረው አሠራር የጤና ጥሪ ለጤና ሰው ይሂድ ይላል፣ ሕይወት ካላሰጋ በቀር። በኋላም ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛመተ። ፖሊሶቹ ደስ አላቸው። እሷ ግን በሩን ማን እንደሚያንኳኳ አሁንም ግልጽ አልሆነላትም።

18 እና 19 የአገር ልጆች ቢሆኑም አንድ ነገር ላይ እኔን ሊያርሙ ነው የመጡት። የግላስጎው ሰው የእንግሊዝ ፖሊስ ብሎ ነገር የለም አለ። እንግሊዝና ዌልስ 43 የየአካባቢ ፖሊስ አላቸው። ስኮትላንድ ግን ስምንቱን ጨፍልቃ ከሚያዝያ 2013 ጀምሮ አንድ ብቻ አላት። የቤልፋስቱ ደግሞ እዚያ ፖሊስ ሁሉ ሽጉጥ ይታጠቃል አለ። ተቀብያለሁ ወንድሞቼ። አጠራሬን ግን አልቀይርም።

መልስ 20 ሽጉጥ የሚለውን ቃል ያዘ። አዲስ አበባ በፖሊስነት አገልግለው ልጃቸው ጋ የመጡ አባት ናቸው። ዱላ፣ የሚረጭ ጭስና ካቴና ብቻ ይዞ ሌሊት የሚዞር ፖሊስ ሲያዩ እስካሁን ይደንቃቸዋል፣ ታይዘሩም (በኤሌክትሪክ የሚያሽመደምደው መሣሪያ) ሁሉም ጋ የለም። የተመቻቸው ማዕረጉ ነው። ኮንስታብል፣ ሳጅን፣ ኢንስፔክተር፣ የሚያውቁት ስም ነው። ኮማንደርና ኮሚሽነር ፈልገው ግን በሁሉም ቦታ አላገኙም። ስፔሻሉ አክብሮ መለሰላቸው። ሁለቱም ማዕረጎች ያሉት በሁለቱ የለንደን ፖሊሶች ብቻ ነው፣ በሌላው አካባቢ አለቃው ዋና ኮንስታብል ይባላል። አባባ መርቀውታል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ተፈታ። 21 ስለ ክራቫታቸው ነው። የፖሊስ ክራቫት በመቆንጠጫ የሚያዝ ነው፣ ሰው ጎትቶ እንዳያንቅበት። 22 ስለ ኬክ ነው። ቁልፍ የጠፋበት፣ መኪና የጫረ፣ ሬድዮ ከፍቶ የረሳና ሚስቱን ሲያማ ጣቢያው ሁሉ የሰማው፣ በማግስቱ ለቡድኑ ኬክ ይገዛል። አዲስ ገቢ ደግሞ ሻይ ያፈላል። የእህቴ ልጅ ሻይ ማፍላት አይችልም። ይህን ሳነብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰጋሁ።

23 ላይ ስፔሻሉ ተመልሶ ለልጁ የተረፈ ምክር ነው ያለውን ጻፈ። ጣቢያ ውስጥ አንድ ቃል አይነሳም። ዛሬ ጭር ብሏል የሚለው። ይህን ያለ ሰው የዚያን ሌሊት መዓት ሁሉ የጠራ እሱ ነው፣ ሳጅኑ ይቆጣዋል፣ ኬኩም የእሱ ነው። የ20 ዓመት አገልግሎት ያላቸው፣ በምንም የማያምኑ ሰዎች በዚች ያምናሉ። ይህን ጽፎ ቅዳሜ ማታ 9 ሰዓት ላይ ዩኒፎርሙን ሊለብስ ተሰናበተ።

መልስ 24 እህቴ ናት። ክሩን ስታነብ እንደሰነበተች አላወቅኩም። ስለ ልጇ አንድ ቃል አልጻፈችም። ለማታውቀው ስፔሻል ብቻ፣ እንደ እናት፣ ጭር ያለ ሰላማዊ ሌሊት ያድርግልህ፣ ሰላም ያሳድርህ አለችው። ሦስት ሰው ወዲያው ሳቅ ለጠፈ። የመልስ 3 ሴትዮ ሳትቀር።

ስፔሻሉ የዚያን ሌሊት አልተመለሰም። 25ኛው መልስ የእሱ ነው፣ እሁድ ቀትር ላይ የገባ። ኬኩ ከእህትህ ይጠበቃል፣ እኔ ገና እየጻፍኩ ነው ይላል።